ለከፍታ የሚከፈለው ዋጋ፦ የ‘ቢግ ኤር’ ካይቶች እንዴት ይነደፋሉ?

የደቡባዊው ንፍቀ ክበብ በጋ ሲገባ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳ ብርቱ ነፋስ የደቡብ አፍሪካዋን ኬፕታውን ያናውጣል። ነዋሪዎች ‘ኬፕ ዶክተር’ ይሉታል፤ የከተማዋን ጭስና ብናኝ ጠርጎ ይወስዳል ከሚል የቆየ እምነት የወጣ ስም ነው። ነፋሱ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለው የብሉበርግ የባሕር ዳርቻ ሲደርስ ግን ብናኝ ጠርጎ ብቻ አያበቃም። ሰው ያነሳል።

በዚህ ዳርቻ፣ እግራቸውን በሰሌዳ ላይ ያሰሩና በወገብ መታጠቂያ ከካይት ጋር የተያያዙ ስፖርተኞች ወደሚመጣው ማዕበል ይከንፋሉ። ማዕበሉን እንደ መወጣጫ ተጠቅመው ይነሱና ከአምስትና ስድስት ፎቅ ሕንፃ አናት በላይ ይወጣሉ። እዚያ ላይ ሳሉ፣ ወደ ላይ የያዛቸውን ብቸኛ ነገር፣ ማለትም ካይቱን፣ ሆን ብለው ወደ ታች ወርውረው በክብ ያዞሩታል። ካይቱ ዞሮ ከራሳቸው በላይ እስኪመለስ ድረስ በአየር ላይ የሚደግፋቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ይህ የካይትቦርዲንግ ዘርፍ ‘ቢግ ኤር’ ይባላል፤ ግዙፍ ዝላይ እንደማለት ነው። የዘርፉ ታዋቂ ውድድር የሆነው ‘ሬድ ቡል ኪንግ ኦፍ ዘ ኤር’ በሃዋይ ተጀምሮ ለዓመታት ከተቋረጠ በኋላ በአውሮፓውያኑ 2013 ወደ ኬፕታውን የመጣው ይህንኑ ነፋስ ተከትሎ ነው። የዚያን ዓመት አሸናፊ አሜሪካዊው ጄሲ ሪችማን ነበር። በ2017 ደግሞ ዴንማርካዊው ኒክ ጃኮብሰን በሰሌዳ ላይ በሚገጠመው ‘ዉ’ የተባለ መለኪያ 28.6 ሜትር የደረሰ ዝላይ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ 30 ሜትርም ታልፏል።

ከዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ዋናው ጥያቄ ‘ምን ያህል ከፍ አለ?’ የሚለው ነው። ካይት ለሚነድፉ መሐንዲሶች ግን ጥያቄው በሁለት ይከፈላል። ካይቱ ምን ያህል ያወጣል? ካወጣ በኋላስ ሰውየውን በጊዜው ይቀልበዋል? የችግሩ ሥር ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሆነው ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለተኛው መጥፎ መልስ መሆኑ ነው።

ዝላዩ ከየት ይመጣል?

ካይት እንደ ጃንጥላ ነፋስ ይዞ የሚጎትት ቢመስልም በተግባር ክንፍ ነው። ነፋሱ በፊት ጠርዙ ተከፍሎ ከላይና ከታች ሲያልፍ የግፊት ልዩነት ይፈጠራል፤ ያ ልዩነት የማንሳት ኃይል ይሆናል። የኃይሉ መጠን በሸራው ስፋት ልክ ያድጋል። በነፋሱ ፍጥነት ግን ከዚያ በላይ ያድጋል፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) እና በ40 ኖት መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ነው እንደ ሌላ ዓለም የሚቆጠረው።

ለመዝለል ስፖርተኛው በመጀመሪያ የሰሌዳውን ጠርዝ ውኃው ውስጥ ተክሎ ገመዶቹን ያከርራል። ካይቱ በጎን በኩል ዝቅ ብሎ እየጎተተ ሳለ፣ እጀታውን አዙሮ በፍጥነት ወደ አናቱ ይልከዋል። ካይቱ በራሱ ጉዞ የሚፈጥረው ፍጥነት በነፋሱ ላይ ስለሚደመር የማንሳት ኃይሉ ለአፍታ ይንራል፤ ሰውየውም ይነሳል። አሰልጣኞች የካይቱን አቀማመጥ በሰዓት ገጽ ይገልጻሉ። ‘አሥራ ሁለት ሰዓት’ ሲሉ ልክ ከራስ በላይ፣ የ12 ቁጥር በሚገኝበት ቦታ ማለታቸው ነው። (በእኛ አቆጣጠር ንጋት ወይም ምሽት ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።)

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው የንድፍ ምርጫ የሚመጣው።

ረጅም ክንፍ፣ አጭር ክንፍ

የካይት የጫፍ ለጫፍ ርዝመት ከወርዱ ጋር ያለው ምጥጥን ከሌሎች መለኪያዎች ሁሉ በላይ ጠባዩን ይወስናል። ከክንፍ በታች ያለው ከፍ ያለ ግፊት ያለው አየር በጫፎቹ በኩል ሾልኮ ወደ ላይኛው ወገን ለመሄድ ይጥራል። ሲሾልክ አዙሪት ይፈጥራል፤ አዙሪቱ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ረጅምና ጠባብ ክንፍ ከጠቅላላ ስፋቱ አንጻር የጫፎቹ ድርሻ አነስተኛ ስለሆነ ብክነቱ ይቀንሳል። በደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ ለሰዓታት የሚንሳፈፈው አልባትሮስ የተባለው ወፍ ክንፈ ረጅም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምጥጥኑ ከፍ ያለ ካይት ስለዚህ በተመሳሳይ ነፋስ ከፍ ያወጣል፤ ካወጣም በኋላ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። በስፖርተኞች ዘንድ የሚወደደው የአየር ላይ ቆይታ የዚህ ውጤት ነው። አምስት ተሻጋሪ ቱቦዎች ያሏቸው እንደ ኮር ኤክስአር፣ ዱዮቶን ሬብል እና ኖርዝ ኦርቢት ያሉት ካይቶች ስም ያወጡት በዚህ ባሕርይ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በመዞር ላይ ነው። ጫፎቹ ከመሐል በራቁ ቁጥር አንድ ዙር ለመዞር የሚሸፍኑት ርቀት ይረዝማል፤ ከመሐል ርቆ የተቀመጠው ክብደትም መዞርን ይቃወማል። በከተማ ጣሪያዎች መካከል ተጠማዝዞ ከእጅ ላይ ሥጋ የሚሞጨልፈውን ጭላት ያየ ሰው፣ አልባትሮስ ይህን ለማድረግ ቢሞክር ምን እንደሚገጥመው መገመት አይከብደውም።

ሌላም ዕዳ አለ። ጎታች ኃይሉ ዝቅ ያለ ካይት ወደ ነፋሱ ዘልቆ ይበርራል፤ ነፋሱ ድንገት ሲበረታ ወይም ሲዳከም ከስፖርተኛው አናት አልፎ ወደ ፊት ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ገመዶቹ ይላላሉ፤ ካይቱም እንደተተወ ጨርቅ ይወድቃል። በውኃ ላይ ቆሞ ላለ ሰው ይህ የሚያናድድ ነገር ነው። በ15 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። የአየር ግጭት ካልታሰበ ከ20 ሜትር የሚወድቅ አካል ውኃው ጋ ሲደርስ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በዚህ ፍጥነት ውኃ ለስላሳነቱን ያጣል።

ከቀስት ወደ ‘ሲ’፣ ከ‘ሲ’ ወደ ቀስት

ከፊት ሲታይ ካይቱ ምን ያህል እንደተቀለበሰም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የዛሬዎቹ በአየር የሚነፉ ካይቶች አባቶች ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ብሩኖ እና ዶሚኒክ ለጋይኑ ናቸው። በብሪታኒ ግዛት ይኖሩ የነበሩት ወንድማማቾች በአውሮፓውያኑ 1984 ለፈጠራቸው የባለቤትነት መብት ጠየቁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የፊት ጠርዙና የጎድን አጥንቶቹ በአየር የተነፉ ቱቦዎች ከሆኑ ካይቱ ውኃ ላይ ቢወድቅም አይሰጥምና እንደገና ይነሳል። ‘ዊፒካ’ የተባለው ምርታቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ስፖርቱን በዓለም እንዲስፋፋ አደረገ።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ካይቶች ከፊት ሲታዩ የላቲኑን ‘ሲ’ ፊደል የሚመስሉ፣ አጥብቀው የተቀለበሱ ነበሩ። ወደ ታች የሚንጠለጠሉት ጫፎቻቸው እንደ መሪ ስለሚያገለግሉ በመዞር ላይ እያሉ ያለማቋረጥ ይጎትታሉ። ችግራቸው ኃይላቸውን መቀነስ አለመቻሉ ነበር። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ እጀታውን መልቀቅ ብዙም አይረዳም፤ በስፖርቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከደረሱት ከባድ አደጋዎች ብዙዎቹ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። ብሩኖ ለጋይኑ በ2005 ገደማ ለገበያ የበቃውን የ‘ቀስት’ ቅርጽ ይዞ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። ካይቱ ጠፍጠፍ አለ፤ የፊት ጠርዙ ‘ልጓም’ ሊባል በሚችል የገመድ መረብ ተደገፈ፤ እጀታውን ወደ ፊት በመግፋት ብቻ ኃይሉን ከሞላ ጎደል ማጥፋት ተቻለ።

ጠፍጣፋ ካይት ከአንድ ካሬ ሜትር ሸራ የበለጠ የማንሳት ኃይል ያወጣል፤ ወደ ጎን የሚያባክነው ጥቂት ነውና። ታዲያ ለምን ሁሉም እስከ መጨረሻው አልተዘረጋም? ምክንያቱም አንድ ስፖርተኛ ካይቱን በክብ ሲያዞር የሚያስፈልገው ማንሳት ብቻ አይደለም። በዙሩ ውስጥ ሁሉ ገመዱ እንደከረረ የሚቆይ፣ ትእዛዝ የሚሰማ ካይት ይፈልጋል። የ‘ሲ’ው ቅርስ እዚህ ላይ ይመለሳል። የዛሬዎቹ የቢግ ኤር ካይቶች ሁሉ በሁለቱ መካከል የቆሙ ድቅሎች ናቸው፤ ልዩነታቸው ወደ የትኛው ማዘንበላቸው ነው።

አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር

ውድድሩ በከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንድፉ ወደ አንድ አቅጣጫ በሄደ ነበር። መንገዱን ያጣመመው ‘ካይት ሉፕ’ ነው። ሆላንዳዊው ሩበን ሌንተን ታዋቂ ያደረገው ‘ሜጋ ሉፕ’ የተባለው ስልት፣ በከፍታ ላይ ሆኖ ካይቱን ከራስ ደረጃ በታች አውርዶ በነፋሱ እምብርት ውስጥ ማዞር ነው። ካይቱ በዚያ ሲያልፍ ሰውየውን ወደ ጎን በኃይል ይነጥቀዋል፤ ከዚያ ዙሩን ጨርሶ ወደ አናቱ ይመለስና ይቀልበዋል። ዳኞች የከፍታን ያህል ይህን ድፍረት ይመዝናሉ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ አንድ ዙር በቂ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ዝላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ማዞር የተለመደ ሆኗል።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ካይቱ በሰከንድ 20 ሜትር እየበረረ ነው እንበል። የሚሠራው ክብ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር ከሆነ ዙሩን ለመጨረስ 31 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም 1.6 ሰከንድ ገደማ ነው። ክቡ 14 ሜትር ከሆነ ወደ 2.2 ሰከንድ ይደርሳል። ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ቢሆንም፣ ያለ ድጋፍ የሚወድቅ ሰው በመጀመሪያው ሰከንድ 5 ሜትር፣ በሁለት ሰከንድ ደግሞ 20 ሜትር ገደማ እንደሚወርድ ሲታሰብ ትርጉሙ ይለወጣል። እርግጥ ካይቱ በሚዞርበት ጊዜም ስለሚጎትት ውድቀቱ እንዲህ ንጹሕ አይደለም፤ ስሌቱ የችግሩን ቅርጽ ለማሳየት ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ዙር ሲሆን ደግሞ ይህችው ትርፍ ጊዜ ትባዛለች።

ስለዚህ ምጥጥናቸው መካከለኛ የሆነ፣ ሦስት ተሻጋሪ ቱቦ ብቻ ያላቸው፣ እንደ ናይሽ ፒቮት እና ዱዮቶን ኢቮ ያሉ ካይቶች በቢግ ኤር መድረክ ላይ ተፈላጊ ሆኑ። ሁለት ቱቦ መቀነስ ማለት ክብደት መቀነስ፣ ቶሎ መዞር፣ ቶሎ መቅለብ ማለት ነው። በተቃራኒው አምስት ቱቦ ያለው ካይት በሚናወጥ ነፋስ ውስጥ ሸራው ሳይርገበገብ ቅርጹን ይይዛል፤ በ40 ኖት ውስጥ ይህ እርጋታ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

መዞሩ እጅግ የጠበበ ካይትም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። በራሱ ጫፍ ላይ የሚሾር ካይት በነፋሱ እምብርት ውስጥ የሚያልፈው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ አይነጥቅም። ለጀማሪ ይህ በጎ ነገር ነው። ለተወዳዳሪው ግን ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ነገር አሳጣው ማለት ነው። አምራቾች በየዓመቱ ‘ከፍታንም ቅልጥፍናንም በአንድ ላይ’ እያሉ ማስታወቂያ ሲያሰሙ፣ ይህ ጸሐፊ የሚጠይቀው ‘የትኛውን ለመስጠት የትኛውን ቀነሳችሁ?’ የሚለውን ነው። የሚቀነስ ነገር የሌለበት ንድፍ እስካሁን አልታየም።

የአንድ ቱቦ ውፍረት

ተመልካች ልብ የማይለው፣ ነዳፊዎች ግን አብዝተው የሚጨነቁበት ክፍል የፊት ጠርዙ ቱቦ ነው። ወፍራም ቱቦ በነፋሱ ፊት እንደ ግንድ ይጋረጣል፤ ጎታች ኃይል ይጨምራል፤ ካይቱን ያዘገያል። ማቅጠን ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአየር የተነፋ ቱቦ ሳይታጠፍ የሚሸከመው ጫና ከውስጣዊ ግፊቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውፍረቱ ሦስተኛ እርከን ጋር አብሮ ይወርዳል። ውፍረቱን በ10 በመቶ ብቻ መቀነስ የመታጠፍ አቅሙን በ27 በመቶ ይቀንሳል። ያንን ለመመለስ ግፊቱ በ37 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት።

ግፊት መጨመር ደግሞ ጨርቁን ይፈትናል። ለአሥርተ ዓመታት የቱቦው ጨርቅ ዳክሮን የተባለ ጥቅጥቅ ያለ የፖሊስተር ሽመና ነበር። ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ በከፍተኛ ግፊትም በጥቂቱ ይለጠጣል። ተለጠጠ ማለት የነዳፊው ልፋት ከንቱ ሆነ ማለት ነው፤ ካይቱ በኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ቅርጽ በብርቱ ነፋስ ውስጥ ይስታል። በዙር መሐል የፊት ጠርዙ ከታጠፈ ደግሞ ካይቱ ለቅጽበት ክንፍ መሆኑን ያቆማል።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አሉላ የተባለው የካናዳ ስሪት ጨርቅ ይህን ሒሳብ ለውጦታል። የተሠራው ለካይት ገመድ ከሚያገለግለው ዓይነት እጅግ ጠንካራ ፖሊኢቲሊን ሲሆን፣ ንብርብሮቹ ያለ ሙጫ የተዋሐዱ ናቸው። ከዳክሮን በእጅጉ ይቀልላል፤ እምብዛም አይለጠጥም፤ ስለዚህ ቱቦው ቀጭን ሆኖ ከፍ ያለ ግፊት መሸከም ይችላል። ከመሐል የራቀው ክብደት ሲቀንስ ረጅሙ ክንፍም ቶሎ ይዞራል። በሌላ አነጋገር አልባትሮሱ ወደ ጭላቱ ትንሽ ቀረበ።

ክፍያው አሁንም አልቀረም፤ በገንዘብ ሆነ። ከዚህ ጨርቅ የሚሠራ ካይት ከተለመደው እጅግ ይወደዳል። ጠንካራነቱም ሌላ ገጽ አለው። የማይለጠጥ ፍሬም የነፋሱን ግልምጫ ሳያለዝብ በቀጥታ ወደ ስፖርተኛው ያስተላልፋል፤ አንዳንዶች ዳክሮኑን እስከዛሬ የሚመርጡት ይህ የመለሳለስ ጠባይ ስላለው ነው።

ስለ ገመድ ርዝመት በአጭሩ ይህን ማለት ይቻላል። ብዙዎች ከ22 እስከ 24 ሜትር ይጠቀማሉ። ረጅሙ ለካይቱ የሚሮጥበት ሰፊ ሜዳ ይሰጠዋል፤ ኃይልና ከፍታ ይጨምራል። አጭሩ ትእዛዝን ቶሎ ያደርሳል፤ ዙሩንም ያጠባል። ካይት መቀየር ለማይችል ሰው ይህ በጣም ርካሹ ማስተካከያ ነው።

ቱቦ አልባዎቹስ?

አንባቢ ‘ረጅም ክንፍ ያን ያህል ብልጫ ካለው ቱቦውን ጭራሽ ማስወገድ አይቻልም?’ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይቻላል። በሚገባባቸው ነፋስ ራሱ የሚነፉና እንደ ፓራሹት በክፍሎች የተሰፉ ካይቶች አሉ። በፓሪሱ የ2024 ኦሊምፒክ፣ በማርሴይ ባሕር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካይት የፍጥነት ውድድር ብሪታኒያዊቷ ኤሊ አልድሪጅ እና ኦስትሪያዊው ቫለንቲን ቦንቱስ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኙት በእንዲህ ያሉት ነው። በአየር ላይ ቆይታ ረገድ ተወዳዳሪ የላቸውም። ነገር ግን ገመዳቸው ሲላላ ይጨማደዳሉ፤ ውኃ ላይ ከወደቁ ማስነሳታቸው አድካሚ ነው። ካይቱን ሆን ብሎ ወደ ታች ለሚወረውር ሰው የሚመቹ አይደሉም።

የኬፕታውን ካይት በፓጄ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ቦታ ነፋስ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚያ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዛንዚባሩ ፓጄና በኬንያው ዲያኒ የባሕር ዳርቻዎች፣ ካይትቦርዲንግ የጎብኚዎች መስሕብና የአገሬው ወጣቶች የአስተማሪነት እንጀራ ሆኗል። ሁለት ወቅታዊ ነፋሳት አሉ፦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ፣ እና በክረምቱ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ። ሁለቱም የረጉና የዋሆች ናቸው፤ ብዙውን ቀን ከ15 እስከ 20 ኖት ባለው ክልል ውስጥ ይቆያሉ።

በ17 ኖት እና በ35 ኖት መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አንድ ስፖርተኛ በብሉበርግ በ30 ኖት ባለ 9 ካሬ ሜትር ካይት የሚያገኘውን ኃይል በ17 ኖት ለማግኘት 28 ካሬ ሜትር ሸራ ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለ ካይት ቢሠራም በእጅ አይዞርም። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ ይልቅ ስስ መሆኑም በጥቂቱ ይጨመርበታል። (በከፍታ ላይ ያሉ ሐይቆቻችንን ያሰበ አንባቢ ካለ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ጣና ዙሪያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ በዚያው ልክ ካይትም ይደክማል።)

ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻዎች የንድፉ ሚዛን ይገለበጣል። ለ40 ኖት ተብሎ የተጠናከረ፣ ወፍራም ጨርቅ ያለው፣ በፍጥነት የሚዞር አጭር ካይት እዚህ ከባድና ሰነፍ ሆኖ ይገኛል። ከፍታ የሚገኘው ከነፋሱ ጉልበት ሳይሆን ከክንፉ ብቃት ነው፤ ምጥጥኑ ከፍ ያለ፣ 12 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቀላል ካይት ይመረጣል። ትልቅ ካይት ግን ለመዞር ጊዜ ይወስዳል። በኬፕታውን ውድድር የተደረገውን ዙር በስልኩ ተመልክቶ በ12 ካሬ ሜትር ካይት በ8 ሜትር ከፍታ ላይ ለመድገም የሚሞክር ወጣት፣ ካይቱ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ውኃው ይቀድመዋል።

ውኃው ደግሞ ሁልጊዜ ውኃ አይደለም። ፓጄ በኮራል ድንጋይ የታጠረ ጥልቀት የሌለው ሜዳ ነው፤ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ከጉልበት በታች የሚሆንበት ሰፊ ቦታ አለው። በብሉበርግ በጥልቅ ውኃ ላይ ድብደባ ብቻ ሆኖ የሚያልፍ አወዳደቅ እዚህ እግር ሊሰብር ይችላል። ሞገድ ለዝላይ መወጣጫ የሚሆነውም ከኮራሉ ማዶ እንጂ በውስጥ አይደለም።

አዲስ ካይት ለአብዛኛው የአካባቢው ወጣት የማይታሰብ ዋጋ ስላለው፣ የሁለተኛ እጅ ዕቃ የተለመደው መንገድ ነው። እዚህ ላይ ታዋቂ የውድድር ስም ሊያሳስት ይችላል። ሻምፒዮን የበረረበት የሞዴል ስም ስለ ነፋሱ የሚናገረው ነገር የለም፤ መጠኑን፣ የቱቦዎቹን ቁጥርና የክንፉን ርዝመት ማየት የበለጠ ይነግራል። ፀሐይ የበላው ሸራ በጣት ሲታሽ እንደ አዲስ ወረቀት መንኮሻኮሹን አቁሞ እንደ ያረጀ ነጠላ ይለሰልሳል፤ እንዲህ ያለ ሸራ አየር ስለሚያሳልፍ የንድፉ ጥበብ ሁሉ አይሠራም። አራቱ ገመዶች እኩል መሆናቸውን ከአንድ እንጨት ላይ አስሮ መሳብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የፊት ገመዶቹ በጭነት ብዛት ይረዝማሉ፤ ያን ጊዜ ካይቱ ያለ ማንም ትእዛዝ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ገዢውም ካይቱን ይወቅሳል።

ከሁሉም በፊት ግን የሚፈተሸው ካይቱ አይደለም። በመታጠቂያው ላይ ያለው የአደጋ ጊዜ መፍቻ ነው። ስፖርተኛው ሲገፋው ካይቱ በአንድ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ ኃይሉን ያጣል። ለእነዚህ መፍቻዎች ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 21853 የተሰኘውን መስፈርት ያወጣው በ2020 ነው። ከዚያ በፊት ተሠርተው ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ እጀታዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ፣ በተለይ አሸዋና ጨው ከገባባቸው በኋላ፣ ሙሉ ክብደት ሲያርፍባቸው አይፈቱም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ መፍቻውን ከጠንካራ ምሰሶ ጋር አያይዞ፣ መታጠቂያውን ለብሶ፣ ሙሉ ክብደትን ወደ ኋላ ጥሎ በአንድ እጅ መግፋት። ይህ የሚደረገው ካይቱ ገና በቦርሳው ውስጥ ታጥፎ ሳለ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ ነው።